ጉማሬው ቀረ፤ ነቀፌታው ስለ ምን አልቀረም?

ሰው ሰውን በሚነቅፍበት ጊዜ ለነቀፌታው ምክንያት መስጠቱ የተለመደ ነው። ምክንያቱ እውነተኛ ከሆነ የተነቀፈው ሰው ያን ነገር በተወ ጊዜ ነቀፌታውም አብሮ ሊቀር ይገባል። ምክንያቱ ቀርቶ ነቀፌታው ሲኖር ግን ቀድሞም ቢሆን ምክንያት የተባለው ነገር ሰበብ እንደ ነበረ ይታወቃል። ለዚህ ነገር ምስክር የሚሆን አንድ ሕዝብ በጣና ባሕር ዳርቻ ይኖራል፤ እርሱም ነገደ ወይጦ የሚባለው ነው።

ጣና በኢትዮጵያ ካሉት ሐይቆች ሁሉ የሚበልጥ ነው። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ተኝቷል፤ ጥልቀቱ ግን እጅግ ቢበዛ 15 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከደቡብ ዳርቻው፤ ከባሕር ዳር ከተማ አጠገብ፤ አባይ ይወጣል። በደሴቶቹና በዘጌ ልሳነ ምድር እነ ክብራን ገብርኤል፣ ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ናርጋ ሥላሴና ኡራ ኪዳነ ምሕረት ይገኛሉ። ስለዚህ የጣና ስም በተነሣ ጊዜ ብራናውና ሥዕሉ፣ ማኅሌቱና ምናኔው አስቀድሞ ይታሰባል። ይህም የተገባ ነው። ነገር ግን በዚያው ውሃ ዳር፤ በዚያው ደንገል መካከል፤ ፊቱን ወደ መካ መልሶ የሚሰግድ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ መኖሩን የሚያስታውሰው ሰው ጥቂት ነው።

ወይጦዎች ኑሯቸው ሁሉ ከውሃው ጋራ የተሳሰረ ነበር። ወንዶቹ ዓሣ ያጠምዳሉ፤ ደንገል አጭደው ታንኳ ይሠራሉ። የደንገል ታንኳ አሠራር ቀላል ቢመስልም ጥበብ አለው። ደንገሉ ታጭዶ ይደርቃል፤ በነዶ በነዶ ይታሰራል፤ ነዶዎቹም እርስ በርሳቸው ተጠፍረው ጫፋቸው ወደ ላይ ይቀናል። ታንኳው ውሃ ስለሚመጥ ከሥራ በኋላ ወደ ዳር ተስቦ በፀሐይ መድረቅ አለበት፤ ዕድሜውም አጭር ነው። ስለዚህ ታንኳ ሠሪው ሥራው አያልቅም፤ ደንገሉም በየጊዜው ሊገኝለት ያስፈልጋል። ሴቶቹም ከደንገልና ከሣር ልዩ ልዩ ስፌት እየሰፉ ለገበያ ያቀርባሉ። ከዚህም በላይ ወይጦዎች የወፍጮ ድንጋይ እየጠረቡ ለአካባቢው ገበሬ ይሸጡ ነበር። እንግዲህ በጣና ዙሪያ የሚኖረው ሰው፤ ክርስቲያኑም እስላሙም፤ በወይጦ ታንኳ ተሻግሮ፤ የዘጌን ቡናና እንጨት በታንኳ አስጭኖ፤ እህሉን ወይጦ በጠረበው ወፍጮ አስፈጭቶ ሲበላ ኖሯል ማለት ነው።

የዚህ ደንገል ዝና ከአገር ውስጥ አልፎ ውቅያኖስ ተሻግሯል። ቶር ሄየርዳል የተባለው የኖርዌይ ተወላጅ፤ የጥንት ሰዎች በደንገል መርከብ አትላንቲክን ሊሻገሩ ይችሉ እንደ ነበረ ለማስረዳት በተነሣ ጊዜ ለመጀመሪያይቱ መርከብ የሚሆነውን ደንገል ያስጫነው ከጣና ነበር። እርስዋ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1969 ተጉዛ ከመድረስዋ በፊት ተሰበረች። በሚቀጥለው ዓመት በኢትዮጵያ ደንገል የተሠራችው ሁለተኛይቱ መርከብ ግን ከሞሮኮ ተነሥታ በ57 ቀን ባርባዶስ ደረሰች። ዓለም ያደነቀው ይህ ደንገል በገዛ አገሩ የድሀ ሰው ዕቃ ተብሎ ይናቅ ነበር።

ወይጦዎች ቀድሞ የራሳቸው ቋንቋ እንደ ነበራቸው ይነገራል። ጀምስ ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ ተወላጅ በ1762 ዓ/ም ጎንደር በደረሰ ጊዜ ቋንቋቸው በአገሩ ከሚነገሩት ቋንቋዎች ሁሉ የተለየ እንደ ሆነ ሰምቶ ለመመርመር ፈለገ። በንጉሡ ትእዛዝ ሁለት ወይጦዎች ቀረቡለት፤ ነገር ግን ስቅላት እንኳ ቢያስፈራሯቸው አንድ ቃል አልመለሱለትም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1907 ኦይገን ሚትቮኽ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ ስለ እነርሱ ሲጽፍ ሁላቸውም የሚናገሩት አማርኛ ነበር። በ1928 ማርሴል ግሪዮል የተባለው ፈረንሳዊ በጣና ባለፈ ጊዜ አንድ ወይጦ በቀድሞው ቋንቋ ሲዘፍን ሰማ፤ ዘፋኙ ግን የሚዘፍነውን ነገር ራሱ አያውቀውም ነበር። ከጠፋው ቋንቋ ተርፎ በአፋቸው የቀረው የጉማሬን ብልቶች የሚጠሩበት ጥቂት ቃል ብቻ ሆነ። ከዚያ በኋላ ማርሴል ኮኸን እንደ መረመረው፤ በአማርኛቸው ውስጥ ከእስልምና ጋራ የመጡ የዓረብኛ ቃላት ብዙ ናቸው። ከዚህ የምንረዳው ነገር አለ፤ ቋንቋቸውን ለጎረቤታቸው ለውጠው አማርኛ ተናጋሪ ሆኑ፤ በሃይማኖት በኩልም ወደ እስልምና ተጠጉ፤ ይሁን እንጂ የቋንቋው ባለቤትም የሃይማኖቱ ባለቤትም ፈጽሞ የእኔ ናቸው አላላቸውም።

እስላሞቹ ያልተቀበሏቸው ስለ ጉማሬ ነው ይባላል። ወይጦዎች ቀድሞ ከታንኳ ላይ ሆነው ጉማሬ እያደኑ ሥጋውን ይበሉ ነበር። በእስልምና ሕግ የውሃ እንስሳ ነገር ሊቃውንቱን ሲያከራክር የኖረ ነው። በሐነፊ መዝሀብ ከውሃ እንስሳ የሚበላው ዓሣ ብቻ ነው። በማሊኪ መዝሀብ ግን የተፈቀደው ሰፊ ነው። በሻፊዒ መዝሀብም በውሃ ብቻ የሚኖረውና በውሃም በየብስም የሚኖረው ይለያያል። ጉማሬ ደግሞ ቀን በውሃ ውስጥ ውሎ ማታ ሣር ሊግጥ ወደ ምድር የሚወጣ አውሬ ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ የሚበዙት ሐነፊዎችና ሻፊዒዎች ስለ ሆኑ የጉማሬን ሥጋ ሐራም ማለታቸው ከመዝሀባቸው ጋራ የሚስማማ ነው። የማይስማማው ነገር ሌላ ነው። አንድ ሰው ያልተፈቀደ ነገር ቢበላ ጥፋቱ የሚቈጠረው በበላው ሰው ላይ ነው እንጂ በልጁና በልጅ ልጁ ላይ አይደለም፤ ንስሐ ሲገባም በሩ የተከፈተ ነው። በወይጦዎች ላይ ግን የበሉት ነገር በዘራቸው ተጻፈ።

ክርስቲያኖቹም በበኩላቸው ሁለት ነገር አብረው ያነሡ ነበር፤ አንዱ እስላም መሆናቸውን፤ ሁለተኛው ያንኑ የጉማሬ ሥጋ። ስለዚህ ወይጦ በአንደኛው ዘንድ ሙሉ እስላም ስላልሆነ፤ በሁለተኛው ዘንድ እስላም ስለ ሆነ፤ በሁለቱም ወገን ሲነቀፍ ኖረ። በዚህ ላይ የሚያስገርም ነገር አለ። ከጉማሬው ቆዳ የተሠራው አለንጋ በገበያ ሲሸጥ ሁሉም ይገዛው ነበር፤ ሹሙም ነጋዴውም ይይዘው ነበር። ቆዳውን መያዝ ያላረከሰው ሰው ሥጋውን የበላውን ሰው ከማዕዱ ያርቅ ነበር።

ይህ የወይጦዎች ነገር በጠቅላላው በኢትዮጵያ እስላሞች ላይ ከደረሰው ነገር የተለየ ተደርጎ መታየት የለበትም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ615 ከመካ የተሰደዱት የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች በአክሱም ንጉሥ ዘንድ ጥገኝነት አግኝተው ነበር፤ ለእስልምና የመጀመሪያው አዛን አድራጊ ቢላልም በእናቱ ሐበሻ ነበር። በኋላ ግን ዘመኑ ተለወጠ። ከ1527 ጀምሮ የተደረገው የኢማም አሕመድ ጦርነት በሁለቱም ወገን ጥልቅ ቊስል ተወ፤ ኢማሙም በ1543 የሞቱት ከጣና በስተ ምሥራቅ በወይና ደጋ ላይ በተደረገው ውጊያ ነው። በ1660 ዓ/ም በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን በጎንደር በተደረገው ጉባኤ እስላሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ተወሰነ። በ1870 ዓ/ም በአፄ ዮሐንስ ራብዓዊ ዘመን ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ እስላሞች እንዲጠመቁ ተገደዱ። በሰሜኑ አገር እስላም ርስት አይቈጠርለትም ስለ ነበረ በንግድና በሽመና ሲኖር ቈየ፤ ሰማይ ዐምድ እንደሌለው እስላምም አገር የለውም የሚለው ክፉ ተረት ከዚያ ዘመን የቀረ ነው። ነጋዴው እስላም ርስት ባይኖረው ገንዘብ ነበረው፤ ሸማኔውም ሙያ ነበረው። ወይጦ ግን ርስትም ገንዘብም ሳይኖረው የባሕሩን ዳር ብቻ ይዞ ቀረ።

ያ ዘመን አልፏል። በሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ/ም የኢትዮጵያ እስላሞችና ከእነርሱ ጋራ የቆሙ ብዙ ክርስቲያኖች የሃይማኖት እኩልነትን በመጠየቅ በአዲስ አበባ ታላቅ ሰልፍ አደረጉ፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ኢድ አልፈጥር፣ ኢድ አልአድሐና መውሊድ እንደ ሌሎቹ በዓላት በመላው አገር የሚከበሩ ሆኑ። በ1967 ዓ/ም የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ እንዲሆን ታወጀ። በ1987 ዓ/ም የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን፤ በአንቀጽ 27 የሃይማኖት ነፃነትን አረጋገጠ። በ2012 ዓ/ም የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት አገኘ። ይህ ሁሉ ትልቅ እርምጃ ነው፤ የሚናቅ አይደለም።

ጉማሬውስ እንዴት ሆነ? የጉማሬው ቊጥር አነሰ፤ የአራዊት ጥበቃ ሕግም አደኑን ከለከለ፤ ወይጦዎችም እንደ ሌሎቹ እስላሞች ለመኖር ፈልገው ሥጋውን ተዉት። መስጊድ ይሄዳሉ፤ ረመዳንን ይጾማሉ፤ ልጆቻቸውን ቁርአን ያስቀራሉ። የልጅ ልጅ የሆነው ትውልድ የጉማሬን ሥጋ ጣዕም ፈጽሞ አያውቀውም። ይሁን እንጂ ጋብቻ ሲታሰብ ዘር የሚጠይቅ አልጠፋም፤ በገበያና በትምህርት ቤት ወይጦ የሚለው ስም እንደ ስድብ ሲነገር ይሰማል። እንግዲህ ሰበቡ ቀርቶ ነቀፌታው ቀርቷል። ነገሩ የሃይማኖት ጥንቃቄ ቢሆን ኖሮ ከጉማሬው ጋራ አብሮ ባለቀ ነበር። ያላለቀው ሥሩ ሌላ ስለ ሆነ ነው፤ እርሱም ርስት የሌለውንና በእጁ ሥራ የሚኖረውን ሰው የመናቅ ልማድ ነው። ይህ ልማድ በአንጥረኛው፣ በሸክላ ሠሪይቱና በፋቂው ላይም ሲሠራ የኖረ፤ ክርስቲያኑና እስላሙ ሳይመካከሩ የተስማሙበት ልማድ ነው።

ልማዱን ግን የሁለቱም ሃይማኖት መጻሕፍት ይቃወሙታል። ነቢዩ ሙሐመድ በመጨረሻው የሐጅ ጊዜያቸው ዓረብ ዓረብ ካልሆነው እንደማይበልጥ፤ ሰው የሚበልጠው ፈጣሪውን በመፍራት ብቻ እንደ ሆነ አስተምረዋል። በሐዋርያት ሥራም ቅዱስ ጴጥሮስ በኢዮጴ ሳለ ከሰማይ የወረደውን ሸማ አይቶ፤ በኋላም ወደ ቆርኔሌዎስ ቤት ገብቶ፤ ማንንም ሰው ርኩስ እንዳይል ከእግዚአብሔር መማሩን ተናግሯል። ሐዋርያው ያየው ራእይ ስለ መብል ነበር፤ የተረዳው ግን ስለ ሰው ነው። የጣናም ነገር እንዲሁ ነው፤ ስለ መብል ተጀምሮ ስለ ሰው የሆነ ነገር ነው።

አሁን ደግሞ ከነቀፌታው የበለጠ ችግር ደርሷል፤ ይኸውም የመኖሪያው ስፍራ ነገር ነው። ባሕር ዳር ቀድሞ ትንሽ መንደር ነበረች። በ1953 ዓ/ም የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፤ በ1955 ዓ/ም የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት ከተቋቋሙ ወዲህ አደገች፤ ኋላም የአማራ ክልል ዋና ከተማ ሆነች። በግንቦት 2016 ዓ/ም በአባይ ላይ የተመረቀው 380 ሜትር የሚረዝመው አዲስ ድልድይ የእድገትዋ ምልክት ነው። ከተማ ሲያድግ ከሁሉ ይልቅ የሚፈለገው መሬት የባሕሩ ዳር ነው፤ ለሆቴልም ለመናፈሻም ይመረጣል። ወይጦም የሚኖረው እዚያው ነው። ሌላው ነዋሪ ስለ መሬቱ ሲጠየቅ ወረቀት ያሳያል፤ ወይጦ ግን የአባቱን ታንኳ ማሰሪያ ከማሳየት በቀር ብዙ ጊዜ ሌላ ማስረጃ የለውም። ሕጉ ሁሉን እኩል ያያል፤ ወረቀቱ ግን ለሁሉ እኩል አልደረሰም።

በውሃውም ላይ ለውጥ ሆኗል። በ1988 ዓ/ም በባሕር ዳር አጠገብ በጨረጨራ ላይ የውሃ መቈጣጠሪያ ግድብ ተሠራ። በ2002 ዓ/ም ደግሞ የጣና በለስ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ተመረቀ፤ ከሐይቁ በ12 ኪሎ ሜትር ያህል ዋሻ የሚሄደው ውሃ 460 ሜጋ ዋት ለማመንጨት የሚበቃ ነው። በ1995 ዓ/ም የሐይቁ ውሃ እጅግ ዝቅ ባለ ጊዜ ከውሃው የተገለጠውን መሬት ብዙ ገበሬ አረሰው፤ ደንገሉም እየተመነጠረ ሄደ። ከ2004 ዓ/ም ጀምሮ እምቦጭ የሚባለው ከደቡብ አሜሪካ የመጣ አረም በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ ተስፋፋ። ይህ አረም በውሃ ላይ ተንሳፎ በቅርንጫፉም በዘሩም ይራባል፤ ዘሩ በጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል፤ የታንኳን መንገድ ይዘጋል፤ ዓሣ ማጥመጃውን ያውካል። በብዙ ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ በእጁ ሲነቅለው፤ በመኪናም ሲታጨድ ታይቷል፤ ነገር ግን ተጠርጎ የነበረው ስፍራ ተመልሶ ሲወረር አስቸግሯል።

የደንገሉ መጥፋት የወይጦ ብቻ ጉዳት የሚመስለው ሰው ቢኖር ተሳስቷል። ደንገል ከእርሻ የሚወርደውን ደለል ያጣራል፤ ዳርቻውን ከመሸርሸር ይጠብቃል። ቀረሶና አምባዛ የሚራቡት በዳርቻው ሣርና ደንገል መካከል ባለው ጥልቀት በሌለው ውሃ ነው። በጣና ደግሞ በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ 15 ያህል የነጭ ዓሣ ዓይነቶች አሉ። ዩኔስኮ በ2007 ዓ/ም ጣናን በዓለም ከሚጠበቁት የሕይወት አካባቢዎች አንዱ አድርጎ መዝግቦታል፤ መዝገቡም የሚጠበቀው ተፈጥሮ ብቻ ሳይሆን በተፈጥሮው የሚኖረው ሰውም እንደ ሆነ ያስባል።

ከተማ ማደግ የለበትም፤ ኤሌክትሪክም አያስፈልግም የሚል ሰው የለም። የወይጦ ልጅም በመብራት ሊያነብ፤ በሐኪም ቤት ሊታከም ይፈልጋል። ጥያቄው እድገቱ ይሁን አይሁን ሳይሆን ዋጋውን ማን ይክፈል የሚል ነው። የሁሉ ጥቅም ለሆነ ነገር ዋጋውን ከሁሉ የደከመው ወገን ብቻ ከከፈለው፤ ያ እድገት ከቀድሞው ንቀት በስም እንጂ በግብር አይለይም።

ስለዚህ ለሹማምንቱ የሚገባው ሥራ ግልጥ ነው። የባሕር ዳርቻ መሬት ለሌላ ሥራ ከመሰጠቱ በፊት በስፍራው የሚኖረው ሰው ይጠየቅ፤ ወረቀት የለውም ተብሎ እንዳልነበረ አይቈጠር፤ የጎረቤቶችና የሽማግሌዎች ምስክርነት ተሰምቶ ይዞታው ይመዝገብለት። መነሣት ግድ ቢሆን ከውሃው እንዳይርቅ ይደረግ፤ ዓሣ አጥማጅን ከውሃ አርቆ ቤት መስጠት ገበሬን ከእርሻው አርቆ ጎተራ እንደ መስጠት ነውና። የቀረው ደንገል ተከልሎ የጠፋውም እንደ ገና ይተከል፤ ጥበቃውም በደመወዝ ለወይጦዎች ይሰጥ። እምቦጭን ለመዋጋት በሚደረገው ሥራም ሐይቁን እንደ እጃቸው መዳፍ የሚያውቁት ሰዎች ምክር ይጠየቅ።

ለኢማሞችና ለሼሆች የሚገባው ደግሞ አለ። በመስጊድ ሰፍ ጎን ለጎን የሚሰግዱ ሰዎች ከመስጊድ ሲወጡ በጋብቻና በማዕድ ሊለያዩ አይገባም። በጁምዓ ኹጥባ ስለዚህ ነገር በግልጥ ቢነገር፤ የወይጦ ልጅ በመድረሳው ከሌላው ልጅ ጋራ በአንድ ሰሌዳ ቢቀራ፤ ብዙ ዘመን የቈየው ነገር በአንድ ትውልድ ሊለዝብ ይችላል። ለካህናቱም እንዲሁ፤ የደሴቶቹ ገዳማት በታንኳ ሲገለገሉ የኖሩ ናቸውና ታንኳ ሠሪውን በስሙ አክብሮ መጥራትን ለምእመናን ቢያስተምሩ ከውለታም ከወንጌልም የሚገባ ነው። አንድ ካህንና አንድ ሼህ በአንድ ቀን፤ እያንዳንዳቸው በየቤተ ጸሎታቸው፤ ስለ አንድ ጎረቤት መልካም ቃል ቢናገሩ ከብዙ ማስታወቂያ ይልቅ ይሠራል።

ለመምህራንም የሚቀር ነገር አለ። ቋንቋው ሲጠፋ የጻፈለት ሰው አልነበረም፤ የቀረው የባዕድ ሰው ማስታወሻ ነው። ታንኳ የመሥራት ጥበብ፣ የዓሣው ስምና የነፋሱ ምልክት፣ በአሮጌዎቹ አፍ ያለው ታሪክ እንደ ቋንቋው ከመጥፋቱ አስቀድሞ በራሳቸው በወይጦ ልጆች እጅ ሊጻፍ ይገባል። ለዚህም ልጆቹ በትምህርት ቤት ሳይሰደቡ እስከ መጨረሻው ሊማሩ ያስፈልጋል።

የደንገል ታንኳ አንዱ ነዶ ብቻውን ሰው አይሸከምም፤ የሚሸከመው ነዶዎቹ እርስ በርሳቸው በተጠፈሩ ጊዜ ነው። አንዱ ነዶ ከታሰረበት ቢፈታ የሚላላው ታንኳው በሙሉ ነው። ይህን ከማንም ይልቅ የሚያውቀው ታንኳ ሠሪው ነው፤ በጣና ዙሪያ ያለው ሕዝብም፤ ሹሙም ካህኑም ሼሁም፤ ከእርሱ ሊማረው የሚገባ ትምህርት ይህ ነው።